ራስጌው ጋ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ

መነጽር ሠሪዋ ባሏ ከሞተባት ቀን ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰው መጀመሪያ ላይ «ጠንካራ ናት» አለ። ሰንበትበት ሲል «ድንጋይ ናት» አለ። በመጨረሻም ለመደውና ዝም አለ። እሷ ግን ጠንካራም ድንጋይም እንዳልሆነች ታውቃለች። መብራት እንደጠፋበት ቤት ነበረች፤ ዕቃው ሁሉ በየቦታው አለ፣ አይታይም እንጂ።

ሟቹ የአውቶብስ ሹፌር ነበር። መሪ እንደጨበጠ ልቡን ያዘው። ያም ሆኖ አውቶብሱን ዳር አስይዞ፣ ፍሬን ስቦ፣ የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ነው የሞተው። ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልተጫረም። ከዚያ ወዲህ እሷና አማቷ በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ባል የቀበረችና ልጅ የቀበረች፣ አንዷ የሌላዋን ቁስል ላለመንካት ኮቴያቸውን አጥፍተው እየተራመዱ። አማትና ምራት ሲባል ሰው የሚያስበው ጠብ ነው። እነሱ ቤት ጠቡም ጠፍቶ ነበር።

ማለዳ ማለዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ወደ መቃብሩ ትሄዳለች። ከባሏ ራስጌ አጠገብ አንዲት የእንጨት አግዳሚ አለች። እዚያች ላይ ትቀመጥና እንባ ትጠብቃለች። አይመጣም። ሰዓቷ ሲደርስ ቀሚሷን አራግፋ ወደ ሥራዋ ትወርዳለች።

በከተማው ውስጥ መኪና የማይገባበት ደልዳላ ቦታ ያ መካነ መቃብር ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ሕያዋኑ ይወሩታል። ጡረተኞች ክንዳቸውን እያወናጨፉ በጥዶቹ ሥር ይመላለሳሉ። ከሌሊት ተረኛነት የወጡ ነርሶች ገመድ ይዘላሉ። አንድ ቦርጫም ልብስ ሰፊ ደግሞ የአንድ ሟች ሻለቃ የእብነ በረድ መቃብር ላይ እጁን ተክሎ ፑሽ አፕ ይሠራል። በሩ ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ወዳጄ፣ ሻለቃው ተነስተው እንዳይቆጥሩልህ!» ይለዋል። ልብስ ሰፊውም «ከተነሱማ አብረን እንሠራለና!» ይላል፤ እያለከለከ።

እሷ ይህን ሁሉ ታያለች፣ አይከፋትም፣ ደስም አይላትም። አንድ ማለዳ ግን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ አንድ ረጅም ሰው እየሮጠ መጣና ከፊቷ ቆመ። ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል። እሷን ልብ ሳይላት ቀኝ እግሩን አነሳና የባሏ ሐውልት አናት ላይ ሰቀለው፤ ጅማቱን ሊያፍታታ።

«ጌታው!» አለች። ድምፅዋ ከየት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። «የተኛ ሰው ራስ ላይ እግር ይሰቀላል?»

ሰውዬው ማዳመጫውን ነቀለ። «አቤት?»

«የተኛ ሰው ራስ ላይ እግር ይሰቀላል ወይ ነው የምለው።»

እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል ተመለከተው። ቀስ አድርጎ አወረደውና የረገጠውን ቦታ በእጅጌው ጠረገ። «ይቅርታ እህቴ። አላየሁም።»

«አይተውማል። ድንጋይ መስሎዎት ነው እንጂ።»

ይከራከረኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ዓይኗን አያት። «እውነትዎን ነው። ታዲያ ይንገሩኝ፤ እዚህ መሮጥ ራሱ ነውር ነው?»

አስባበት አታውቅም ነበር። ወደ መቃብሩ አየች፣ ወደ መንገዱ አየች። «መሮጡን እንጃ» አለች። «ራስጌው ጋ ሲደርሱ ግን ቀስ ይበሉ።»

በማግስቱ መጣ። እየሮጠ መጥቶ ከአግዳሚዋ ትንሽ ፈንጠር ሲል ሩጫውን አቆመ፤ ማዳመጫውን ነቀለ፤ በእርምጃ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አለፈና ከዚያ ወዲያ ሮጠ። ዞሮ ሲመጣም እንዲሁ። በየዙሩ እንዲሁ።

ቀን ቀንን ሲወልድ ሰላምታ ተጀመረ፤ ከሰላምታው ጋር ጥያቄ መጣ።

«የሚያለቅስ ሰው ሳገኝ ልቁም ወይስ ልለፍ?»

«በሌላ በኩል ይዙሩ። ቆሞ የሚያይ ሰው ይከብዳል።»

«ቀብር ካለስ?»

«ያን ቀን ሩጫ ይቅር።»

«ሙዚቃውስ?»

«ከጆሮዎት እስካልወጣ ድረስ ማን ሰማው።»

«ላቡስ? በሟቾቹ ፊት እንዲህ በላብ ተጠምቄ ስመላለስ አይከፋቸውም?»

«ላብ ምን ይላል። እነሱም ሲለፉ ነው የሞቱት።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ብቻ ቀልድ ከአፏ መውጣቱ ገርሟት ቀኑን ሙሉ እያሰበችው ዋለች።

ሰውዬው መሐንዲስ ነው። በመካነ መቃብሩ እምብርት ላይ በብረት አጥር የታጠረው፣ ባለ ዓምዱ የቤተሰብ መቃብር የእነሱ ነው፤ አባቱ እዚያ ተኝተዋል። «አባቴ በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም» አላት አንድ ቀን። «ሰው ነበር ወደሱ የሚሮጠው። ልቡም ስንፍናውን ለምዶ አንድ ቀን ቀጥ አለ። ሐኪም እኔን ሲመረምር ‹የአባትህን ልብ ወርሰሃል፤ ካልሮጥክበት አይሰነብትም› አለኝ። የቀረውን ውርስ እህቴ ይዛዋለች።» ከዚያም ድንገት አንቱታውን ትቶ፣ «አንቺስ? ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

«እንባ።»

አልሳቀም። አብሯት ትንሽ ቁጭ አለ፤ በአግዳሚዋ ወዲያኛው ጫፍ፣ መሐላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትቶ። «እኔ ብሆን እስኪመጣ አንድ ዙር እሮጥ ነበር» አለ።

ያን ዕለት ከአግዳሚዋ አልተነሳችም። ሌላ ቀን ግን በሥራ ጫማዋ ተነስታ እስከ ጥዶቹ ሮጠች። ጉሮሮዋ ተቃጠለ፣ ጎኗን ወጋት፤ ልቧ ደረቷን ከውስጥ በቡጢ ይደበድባት ጀመር። ደስታ አልነበረም። ብቻ የሆነ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የስፖርት ጫማ ገዛችና አልጋዋ ሥር ደበቀችው። ሁለቱም በየማለዳው መሮጥ ጀመሩ። የባሏ መቃብር ጋ ሲደርሱ እርምጃ ይሆናል። እሷ ቀስ እያለች ስታልፍ መሐንዲሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከባሏ ጋር ብቻዋን እንድትሆን። ይህን አድርግ ብላ አልነገረችውም። ፍቅር የሚባለው ነገር የሚሰማት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ ነበር ሊሰማት የሚገባው። አልተሰማትም። ብቻ ኋላዋ እንዳለ ታውቅ ነበር።

አንድ ቀትር ላይ ሱቁ ውስጥ የመነጽር ብሎን በትንሿ ካቻቢቴዋ እያጠበቀች ሳለ፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ ወይዘሮ መጣች። የዓይን ሐኪም ወረቀት ሰጠቻትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መነጽር ሠሪዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ማስመሪያዋን አፍንጫዋ ላይ አስደግፋ፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ጀመረች። ለዚህ ሥራ ሰው ለሰው ትንፋሹ እስኪሰማ መጠጋት አለበት።

«ወንድሜን ታውቂዋለሽ» አለች ወይዘሮዋ። ጥያቄ አልነበረም።

የማን እህት እንደሆነች ከዓይኗ ቅርጽ ገባት። «ግንባሬን ይዩልኝ እትዬ። አይንቀሳቀሱ።»

«ደግ ልጅ ነው። በልጅነቱ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ይዞ መጣ። ጥጥ አነጠፈላት፣ በእጁ አበላት። ዳነችና በረረች። በማግስቱ ረስቷት ነበር።»

«አሁን የግራ ትከሻዬን ይዩ።»

«እኛ ስም ያለን ቤተሰብ ነን። ልጃችን ከመቃብር ውስጥ የሹፌር ሚስት አገኘ ሲባል ደስ አይለንም። ደግነቱን በሌላ እንዳትተረጉሚው ብዬ ነው፤ ለራስሽ አስቤ።»

መነጽር ሠሪዋ ልኩን ጻፈች። እንደገና ለካች፤ ያው ነው። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ስድቡ ሳይሆን ያ ነበር ያስደነገጣት። እንዲህ ተብላ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ምን ቀርቷታል? «ፍሬሙን ከዚህኛው መደርደሪያ ይምረጡ» አለች፤ ድምፅዋም እንደ እጇ ጸጥ ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ መቃብሩ መሄዷን ተወች። መሐንዲሱን አንድ ቀን ከሱቁ መስታወት ውጪ ቆሞ አገኘችው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የሰውን ዓይን ቀኑን ሙሉ ስታይ የምትውል ሴት ያን ዓይን ማየት አቃታትና አቀረቀረች። ገባ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ድኛለሁ» አለችው። «ስለዚህ ይብቃን።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። የበሩን እጀታ ይዞ ትንሽ ቆየና ወጣ።

የመካነ መቃብሩ ኮሚቴ ሟች ያላቸውን ቤተሰቦች ሁሉ ለስብሰባ የጠራው በዚያው ሰሞን ነው። ሰብሳቢዋ የመሐንዲሱ እህት ናት፤ አጀንዳው በመቃብር ቦታ ስፖርት መሥራት ይከልከል ወይ የሚል። አማትየው ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ፤ መነጽር ሠሪዋ አጠገባቸው። መሐንዲሱ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነበር።

ልብስ ሰፊው ተነስቶ፣ «እኔ እዚያ ስፖርት ባልጀምር ኖሮ እስካሁን ቋሚ ነዋሪ ሆኜ ነበር!» ሲል አዳራሹ ሳቀ። አንዲት እናት ተነሱና፣ «ልጄን ቀብሬ አፈሩ ሳይደርቅ ገመድ ዘለሉበት» አሉ። ያኔ ማንም አልሳቀም። ነርሶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። «ገመዱስ ይሁን። ባሏ መቃብር ዙሪያ ከባዕድ ወንድ ጋር የምትሮጥ ሴት አለች እኮ! ይሄ ነው ያስቸገረን። ስም መጥራት አልፈልግም።»

መጥራት አላስፈለጋትም። ወንበሮች ተንቋቁ፣ አንገቶች ዞሩ። አማትየው ብቻ አልዞሩም። የከዘራቸውን አናት የያዘው እጃቸው ነጭ ሆነ። መነጽር ሠሪዋ ወደ መሐንዲሱ አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መሐንዲሱ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ወደ መሬት አየ።

ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሹፌሩ ባሌ ነው። ራስጌው ቁጭ ብዬ ብዙ ማለዳ ጠብቄያለሁ። የጠበቅኩት አልመጣም። ቤት ስቀመጥ፣ ሥራ ስሠራ፣ እህል ስቀምስ፣ ከሱ ጋር የተቀበርኩ ይመስለኛል። ስሮጥ ልቤ ሲመታ እሰማለሁ። በቃ ይሄው ነው። ራስጌው ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ። ሐውልት አልረግጥም። ሰው ሲያለቅስ በሌላ በኩል እዞራለሁ። ነውር ካለበት ንገሩኝና ልተው።»

ድምፅዋ የባቡር መነሻ ሰዓት የሚነግር ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አዳራሹ ጭጭ ያለው። አማትየው ተነሱ፤ ማንንም ሳያዩ ወጡ፤ ከዘራቸው ወለሉን እየመታ ሄደ። ሰብሳቢዋ «ይከልከል የምትሉ እጅ!» ስትል የተነሱት እጆች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። ገመድ ተዘለለብኝ ያሉት እናት እንኳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ያዩ ነበር። በመጨረሻ ሩጫው በሰፊው መንገድ ብቻ ይሁን፣ መቃብር ላይ መውጣት ይቅር፣ ቀብር ባለ ቀን ማንም አይሩጥ ተባለና ተበተኑ። መነጽር ሠሪዋ ውሳኔውን እንደ ሌላ አገር ወሬ ሰማችው። በጆሮዋ ውስጥ የነበረው የከዘራው ድምፅ ነው።

ቤት ስትደርስ አማቷን መብራት ሳያበሩ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጫማው ከአልጋ ሥር ወጥቶ መሐል ወለል ላይ ተቀምጧል።

«ከሰው ሁሉ ስንተኛ ሆኜ ነው የሰማሁት?» አሉ።

«መጨረሻ ነዎት እማማ።»

«እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሩጫው አይደለም። ቤቴ ውስጥ ያለውን ነገር ባዳ ይንገረኝ? ልጄን ሲቀብሩት እጄን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝና ነው የምትደብቂኝ?»

አሮጊቷ ጫማውን አነሱና ሶሉን ገልብጠው አዩት፤ በአንድ ወገን ተበልቷል።

«ትወጂዋለሽ?»

«እንጃ እማማ። ምንም አይሰማኝም።»

«ተይ እንግዲህ! ምንም የማይሰማው ሰው ጫማ አይደብቅም።» ጫማውን እግሯ ሥር አስቀመጡላት። «ነገ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ።»

በማግስቱ ክንዷን ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ። አማትየው አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። መሐንዲሱ ከጥዶቹ በኩል እየሮጠ ብቅ አለ፤ ሁለቱን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያም በተማረው ሥርዓት መሠረት በሌላ በኩል ሊዞር መንገድ ቀየረ።

«አንተ ልጅ! ና ወዲህ!»

መጣ። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ለምን ልትዞር አሰብክ?»

«እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው እናቴ።»

«ተቀብሮ ያለው ልጄ ነው። አውቶብስ ሲነዳ እየሮጠ የሚመጣ ሰው በመስታወት ካየ ጥሎ አይሄድም ነበር። አለቆቹ ታረፍዳለህ ብለው ቢቀጡት፣ በማግስቱም ያው ነው። ስለዚህ የሚሮጥ ሰው እሱን አይረብሸውም። አንተ ግን ትላንት እሷ እዚያ ሰው ሁሉ መሐል ብቻዋን ቆማ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጣልካት።»

መሐንዲሱ ኮፍያውን በእጁ ጨመደደ። «ብናገር ስለኔ ብላ የምትሮጥ ይመስል ነበር። ሩጫው የሷ ነው ብዬ ነው» አለ። ከዚያም ወደ መነጽር ሠሪዋ ዞሮ፣ «ይሄ ግማሹ ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው። እህቴን ፈራሁ። አፈርኩም» አለ።

«ፍርሃቱን ባትናገር ኖሮ እመልስህ ነበር» አሉ አማትየው። «በሉ ሂዱ። እኔ ከልጄ ጋር የማወራው አለኝ፤ ሰው ሲሰማኝ አልወድም።»

ሁለቱ በሰፊው መንገድ ሄዱ። አልሮጡም።

«እህትህ ስለ ወፏ ነግራኛለች» አለች መነጽር ሠሪዋ። «አድነሃት እንደረሳሃት።»

መሐንዲሱ ቆመ። «ድኛለሁ ያልሽኝ ለዚህ ነው?» ሲል ፊቱ ተለወጠ። «ወፏ አልዳነችም እኮ። በሌሊት ሞተች። እህቴ እንዳላለቅስ ብላ በረረች አለችኝ። እኔም አውቄ ዝም አልኳት፤ ጓሮ ስትቀብራት በመስኮት አይቻት ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እህቴ ግን የረሳሁ መስሏት ደስ ይላታል።»

ከሩቅ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማል፤ ልጃቸውን በሆነ ነገር እየተቆጡት ነው። መነጽር ሠሪዋ ወደዚያ አየችና መለስ አለች።

«እውነቱን ልንገርህ» አለች። «ሌላ ሴት ብትሆን አሁን ታለቅሳለች፤ ወይ ደረትህ ላይ ትወድቃለች። እኔ ውስጤ ጸጥ ያለ ነው። ልወድህ እፈልጋለሁ። መፈለጌን ብቻ ነው የማውቀው። ሌላውን አላገኘሁትም። ይህን ይዘህ የትም አትደርስም፤ ብትሄድ አልቀየምህም።»

«የት እሄዳለሁ?»

«ወደ ደህና ሰው።»

«እኔም እኮ ልቤ ጎደሎ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ አለኝ» አለ። ሊያስቃት አስቦ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። ዓይኑ ሞላ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውን ሲጠይቅና ሲያዝናና የኖረ ሰው፣ ፊቱን ለመሸፈን ኮፍያ እንኳ ሳያነሳ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። «ሳትመጪ የቀረሽባቸውን ማለዳዎች ሁሉ ሮጬያለሁ» አለ። «ባልሽ ራስጌ ስደርስ ቀስ እል ነበር። ‹ወዴት ሄደችብን?› እለው ነበር።»

ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። ቆሞ የሚያይ ሰው ይከብዳል ያለችው እሷ ናት፤ መዞርም ግን አልሆነላትም። ስለዚህ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች። ከሩጫ የወጣ ሰው እጅ ይሞቃል ብላ ነበር። በረዶ ነበር። ቅዝቃዜው በመዳፏ ገብቶ እስከ ክርኗ ወጣ፤ አመማት፤ ሁለተኛ እጇንም ጨምራ ያዘችው።

«እጅህ ይቀዘቅዛል» አለች፤ በመገረም።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አለ። «የልቤ ነገር ነው።»

አልለቀቀችውም። ብርዱ ይሰማት ነበር።